የአሥራ ሰባት ደብዳቤ

አክስቴ ተማሪዎቿን በስም አታውቃቸውም፤ በተራ ቁጥር ነው። መንገድ ላይ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ሰላም ሲላት «ዘጠኝ ነህ አይደል? ክፍልፋይ አሁንም ያስቸግርሃል?» ትለዋለች። አጅሬ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ «ትንሽ ትንሽ፣ ቲቸር» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ ከስም ይልቅ ቁጥር ታምናለች።

ጡረታ የወጣች ሰሞን ቤቴ መጣችና አንድ ካርቶን ሙሉ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈች። ኃላፊ ለነበረችባቸው ስምንት ክፍሎች ተማሪዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መስመር ጽፋለች። ራስጌው ላይ እንደ ልማዷ ስም የለም፤ የክፍሉና የተማሪው ቁጥር ብቻ።

«አንቺ የሰው ፕሮፋይል መሰብሰብ አይደል ሥራሽ? በይ አድርሺልኝ» አለች።

ሥራዬስ ነው። ቢሮ ቀኑን ሙሉ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ከማኅበራዊ ድረ ገጽ የተጠቃሚዎችን መረጃ በኤፒአይ መሰብሰብ። ኤፒአይን የጓሮ በር በሉት፣ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚያንኳኳው። የተጠቃሚ ስሞች ዘርዝሬ አቀብለዋለሁ፤ እሱ ፎቷቸውን፣ ከተማቸውን፣ መልእክት የሚላክበትን መለያ ይመልስልኛል። በአንድ ጊዜ ከሃምሳ ሰው በላይ ስለማይሰጥ በጥቅል በጥቅል እየከፈልኩ እጠይቃለሁ። የአክስቴ ክፍሎች ደግሞ አንዳቸውም ሃምሳ አይሞሉም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቅል። የተጠቃሚ ስሞቹን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በተራ ቁጥር ዘርዝሮ ሰጠን። «ከምሳ በፊት አለቀልሽ» አልኳት አፌን ሞልቼ።

«ከስምንቱ የሦስተኛውን ክፍል አሥራ ሰባት ግን አደራ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ።

አክስቴ ፈተና ላይ ተማሪ የምታስቀምጠው በተራ ቁጥር ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት አሥራ ሰባት ወደ ኋላዋ ዞር ስትል አየቻት፤ መልሷም ከኋላዋ ከተቀመጠው ከአሥራ ስምንት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ የልጅቷን ወረቀት በክፍሉ ሁሉ ፊት ቀደደችው። ልጅቷ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ አልተመለሰችም። አክስቴ በኋላ ቁርጥራጩን ገጣጥማ ስታየው ሥሌቱ በሙሉ በልጅቷ ወረቀት ላይ አለ፤ በልጁ ወረቀት ላይ ግን መልሱ ብቻ።

«ያኔውኑ ቤቷ መሄድ ነበረብኝ» አለችኝ። «አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ቤተሰቡ ሠፈር ለቀቀ። ሌላው ሁሉ ባይደርስ ግድ የለኝም፤ የሷ ግን ይድረስልኝ።»

አንጀቴን በላችው። አንጀቴን መብላቷ ግን እጄን አላዘገየውም። ደብዳቤዎቹን ፎቶ አንስቼ ሰንጠረዥ ላይ በግራ በኩል በተራ ቁጥር ደረደርኩ፤ በቀኝ በኩል ከኤፒአዩ የመጡትን መለያዎች እንዳመጣጣቸው ለጠፍኩ፤ ላክሁ። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሻንጣዬን አንግቼ ወጣሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔ ነኝ።

በማግስቱ መልስ ይጎርፍ ጀመር። «ቲቸር፣ እኔ ሃያ ሦስት ነኝ፤ የደረሰኝ የሃያ ሁለት ነው።» «ቲቸር፣ መቼ ነው እኔ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የወሰደኝ? እሱ ሠላሳ ነው!» ሁሉም ከሦስተኛው ክፍል። ጥቅሉን ከፍቼ ብቆጥር አርባ ስምንት ጠይቄ የተመለሰልኝ አርባ ሰባት ነው። ኤፒአዩ የተዘጋ መለያ ሲያጋጥመው «የለም» አይልም፤ ባዶ ቦታ እንኳ አይተውም፤ ዘሎት ያልፋል። የተዘጋው የአሥራ ሰባት ነበር። ከሷ በታች ያለው ሁሉ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ወጥቷል። ጀማሪ ሠራተኛ ይህን ቢያደርግ ቢሮውን በጩኸት ነበር የማናጋው።

«ታዲያ የሷ ማን ጋ ሄደ?» አለች አክስቴ ስነግራት።

«አሥራ ስምንት ጋ።»

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «ከኋላዋ ለነበረው? ለሱ ይቅርታ ጠየቅሁ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። የአሥራ ሰባትን መለያ ደጋግሜ ብጠይቅም ኤፒአዩ እንደ ግድግዳ ዝም አለኝ።

ሌሎቹ ግን ጉድ አፈሉ። ቁጥራቸውን ማንም አልረሳም፤ ከፊታቸው ማን ይቀመጥ እንደነበርም እንዲሁ። እያንዳንዱ ከፊቱ ለነበረው «ያንተ እኔ ጋ ነው» እያለ እየደወለ ደብዳቤውን ወደ ፊት ያቀብል ጀመር። ስንት ዓመት ተጠፋፍተው የኖሩ ሰዎች በስልክ ሲሳሳቁ ዋሉ። አርባ ስምንት ብቻ የሚያቀብለው አጥቶ ተነጫነጨ፤ የሱን ራሴ ላክሁለት። ዝም ያለው አሥራ ስምንት ነው። አክስቴ ሦስት ቀን ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች፤ እኔም ከሥራ እየወጣሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ቀን ተደወለ። ሁለታችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ቲቸር፣ አሥራ ስምንት ነኝ። ደብዳቤው የኔ አይደለም፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው። በእግሬ ወንበሯን እየነካካሁ ነው ያዞርኳት። ሰው በሰው እያጠያየቅሁ አገኘኋት፤ በሯ ላይ ነኝ። አነበብኩላት። የራሴንም ነገርኳት።»

«ምን አለችህ?»

«በሩን ዘጋችብኝ» አለ። «ከዚያ መልሳ ከፈተችና ስልኩን ስጠኝ አለች።»

አክስቴ ብድግ አለች። ልክ ርዕሰ መምህር ክፍል የገባ ይመስል ቀሚሷን አስተካከለች። ከወዲያ በኩል የጎልማሳ ሴት ድምፅ መጣ።

«ቲቸር?»

አክስቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ይቅርታው ደርሶኛል» አለች አሥራ ሰባት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ስንት አገኝ ነበር?»

«ዘጠና ስድስት» አለች አክስቴ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ። «ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ምልክቱን ረስተሽ ነው።»



«ኔጌቲቭ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ያን ዕለት ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ልነግርዎት ፈልጌ ነበር።»

«ልክ ነሽ» አለች አክስቴ፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል። «ልክ ነሽ፣ ልጄ።»