ለሳቂታዋ ሴት

የዘንድሮው ሽቶ ተቀምሞ፣ ተጣርቶ፣ በትልቁ ጋን ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ እታገኝ ግን አልፈረመችም። እሷ ካልፈረመች አንድ ብልቃጥ አይሞላም። የመሙያ ክፍል ሴቶች ብልቃጦቹን አጥበው፣ ደርድረው ሥራ ፈትተዋል። ካርቶኖቹም ከማተሚያ ቤት መጥተው እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ነጭ የጠምበለል አበባ ተስሏል፤ ከሥሩም በቀይ ቀለም «ሳቂታ። ለሳቂታዋ ሴት። እሷ የገባችበት ቤት ዝም አይልም» ይላል።

እታገኝ በካርቶኖቹ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗን መሬት መሬት ታደርጋለች። ቃሉ የማን እንደሆነ ከእሷ በቀር በፋብሪካው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

አምና ነው። በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረችው እታገኝ በአቃቂው የሳሙናና የሽቶ ፋብሪካ የቅመማ ኃላፊ ሆና አሥር ጊዜ ቀምማ አሥር ጊዜ ደፍታለች። አሥራ አንደኛውን ክንዷ ላይ አድርጋ ቤቷ ገባች። በባቡር ጣቢያው ጸሐፊ የነበረው ባሏ ፀሐዩ ጫማውን ሳያወልቅ ክንዷን ይዞ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ።

«ይቺስ ሳቂታ ናት» አላት። «ጠምበለል ነው ትዪኛለሽ እንዴ? አንቺን ነው የቀዱት። አንቺ የገባሽበት ቤት መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!»

በማግሥቱ ነገሩን ለሳቅ ያህል ለአለቃዋ ለአቶ ወልደየሱስ ነገረቻቸው። እሳቸው ጠረጴዛውን መቱና «ስሙ ተገኘ!» አሉ። ማን እንዳለው አልጠየቁም። ሽቶው በሦስት ወር ተሸጦ አለቀ። በኅዳር ፀሐዩ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሃያ ቀን ተኝቶ ሞተ።

አሁን ሰኔ ነው። እታገኝ ከነጩ ጋዋኗ ሥር ጥቁር ትለብሳለች። ስለ ባሏ ሲጠይቋት «እግዜር ያውቃል» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የሽቶ ናሙና በወረቀት ቁራጭ ወይም በሌላ ሰው ክንድ ላይ ታያለች እንጂ በገላዋ አታስነካም። ይህን ያዘዙባት አማቷ እማማ አደሴ ናቸው። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ካለው የእርሻ መንደራቸው ልጃቸውን ሊያስታምሙ መጥተው፣ ከለቅሶው በኋላም በዚያው ቀርተዋል። በአርባው፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ሥራሽን አውቃለሁ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ልብስሽ ላይ የሚያድረውን እታገሣለሁ። ገላሽ ላይ ግን እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ እንዳታስነኪ። የሸተተኝ ቀን ጋቢዬን ለብሼ ወንዙን እሻገራለሁ። ከዚያ ወዲያ አንተዋወቅም።»

እታገኝ ማለች። ልጅ አልወለደችም፤ እሳቸው ከሄዱ በዚያ ቤት የፀሐዩን ስም የሚጠራ አይኖርም። ማታ ማታ እማማ አደሴ ስለ እሱ ሲያወሩ እሷ ዝም ብላ ትሰማለች፤ ቀን ቀን ቆማ የምትውለው በዚያ ወሬ ብርታት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቶ ወልደየሱስ ራሳቸው ወደ ቅመማ ክፍል መጡ።

«ወይዘሮ እታገኝ፣ ምን ጎደለ?»

«የጠምበለሉ ዘይት ከሌላ አገር የመጣ ነው። ከአምናው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም።»

«ወረቀቱስ ምን ይላል?»

«ወረቀት የመጀመሪያውን ሽታ ብቻ ነው የሚያሳየው። የኋለኛው በገላ ሙቀት ነው የሚወጣው።»

«እንግዲያው በገላ ይሞከር። አምና የተለካው በእርስዎ ክንድ አይደለም? መዝገቡ እንዲያ ይላል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐዘንዎን አውቃለሁ። ይሄ ግን ሥራ ነው፤ ጌጥ አይደለም።»

«እሺ» አለች።

ቶሎ እሺ ማለቷ እሷኑ ገረማት። አቶ ወልደየሱስን ፈርታ አልነበረም። ሦስቱን ቀን በወረቀት ስትመላለስ የሰነበተችው ይህን እስኪሏት ነበር። ለአንድ ቀን እንኳ ያቺን ፀሐዩ ክንዷን ይዞ ያሸተታትን ሴት መልሳ ማግኘት ፈልጋለች። ማንም ሳያይ፣ ለማንም ሳትናገር፣ በሥራ ስም።

የግራ ክንዷን እጅጌ ሰብስባ ሁለት ጠብታ አደረገች። የአልኮሉ ስለት አፍንጫዋን ወጋት። ይህ ያልፋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አበባው ይከፈታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ከሥር የሚመጣው ይወጣል፣ ፀሐዩ «ሳቂታ» ያለው። ክንዷን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

አበባው አልተከፈተም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሸተታት ውኃው ሳይቀየርለት የሰነበተ አበባ ግንድ ነበር። ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ምሳዋን ሳትበላ ሦስተኛው ሰዓት ሞላ። የአልኮሉ ስለት አለ፤ የግንዱ ምሬት አለ፤ ሌላ የለም።

ተነሥታ ቅጹ ላይ «ዘይቱ የተበላሸ ነው። አይሞላም» ብላ ጻፈችና ለአቶ ወልደየሱስ ወሰደችላቸው።

«የተበላሸ?» አሉ ከወንበራቸው ተነሥተው። «ካርቶኑ ታትሞ? ነጋዴው በር ላይ ቆሞ? ኑ እስቲ!»

ፊት ፊት እየሄዱ ወደ መሙያ ክፍል ገቡ። ብልቃጥ የምትሞላው ዲንቄ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትንጫጫ አገኟት።

«አንቺ፣ እጅሽን አምጪ።»

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ?»

«ምንም። ለፋብሪካው አንድ ክንድ አበድሪው።»

እታገኝ ሁለት ጠብታ አደረገችላት። ሴቶቹ ወዲያው በቀልድ ያዟት።

«ዛሬ ፈታሿ በር ላይ ታስቀርሻለች! ብልቃጥ ሰርቃ ነው ትላለች!»

«ትፈትሸኛ! ክንዴን ቆርጣ አታስቀር!» አለች ዲንቄ።

«ፈታሿስ ታሳልፋት። ዘበኛው ያልፋታል ወይ በሉ!»

ዲንቄ አፏን በሌላው እጇ ሸፍና ሳቀች። እታገኝ ከግድግዳው ተደግፋ ሰዓቷን ታያለች። በልቧ ዘይቱ የተበላሸ እንዲሆን ትጸልይ ነበር፤ በዲንቄም ክንድ ላይ ያው የሻገተ ግንድ እንዲሸት።

ሩብ ሰዓት ሲሆን ወደ ልጅቱ ጠጋ አለች። ጠምበለሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰዓት ሲሞላ መጠጋት አላስፈለጋትም። ከቆመችበት ሸተታት። አምና ቤት ይዛው የገባችው፣ አንድም ሳይጎድል፣ በዲንቄ ክንድ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ የሸተትኩት?» አለች ዲንቄ ክንዷን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ። «ዛሬስ አልታጠብም!»

አቶ ወልደየሱስ አሸተቱ። ቀጥለው፣ ሳያስቡት፣ ወደ እታገኝ ክንድ ጎንበስ አሉና ቀና አሉ።

«ሽቶው እንኳ ደህና ነው» አሉ። የቀረውን አልጨረሱትም።

እታገኝ ቅጹን ከእጃቸው ተቀበለች። የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ከሥሩም «ትክክል ነው» ብላ ፈረመች። ከኋላዋ ሴቶቹ እልል እያሉ ጋኑን ከፈቱ።

ከመውጣቷ በፊት በግቢው ቧንቧ ክንዷን በልብስ ሳሙና እስኪቀላ ፈተገችው። እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ቆልፋ በሐዲዱ ዳር ወደ ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሁሉ የእማማ አደሴን ቃል ስትሰማ ነበር። ቢሸታቸው ይሄዳሉ። ደጋግማ ይህን አሰበች፤ ጣቢያውን ስታልፍ ግን ሌላ ነገር ደግሞ አሰበች። ቢቆጧት፣ ባሏን የረሳች ሴት ቢሏት፣ ከዚያች ሳቂታ አንዲት ጠብታ በገላዋ ላይ ተርፋለች ማለት ነው።

እማማ አደሴ እንደወትሮው ደጃፉ ላይ ጠበቋት፤ እንደወትሮው ጉንጯን ስመው እጇን ያዙ። ያዙና አልለቀቁም። አፍንጫቸውን ወደ እጅጌዋ አስጠጉ።



«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም፣ እማማ።»

«አትዋሺኝ። ሐኪም ቤት ነበርሽ።» እጅጌዋን ደግመው አሸተቱ። «ይሄን ሽታ መቼ አጣዋለሁ! ሃያ ቀን አብሬው ተኝቻለሁ። ፀሐዩ የተኛበት ክፍል ሽታ ነው። አንቺም ልትሞቺብኝ ነው?»

እታገኝ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። ሽቶ ነው ብትል ይሄዱባታል። የሳቂታዋ ሴት ሽቶ ነው ብትልማ ማን ያምናታል?

«መርፌ ተወጋሁ» አለች። «ትንሽ አሞኝ ነው። አልፏል።»

«የቱ ጋ?»

የግራ ክንዷን አሳየቻቸው። እማማ አደሴ ፍተጋው ያቀላውን ቦታ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። አልጋው ላይ አስተኝተዋት ጋቢያቸውን አለበሷት፤ ጨርቅ በፍል ውኃ ነክረው፣ ጨምቀው ክንዷ ላይ ጫኑላት።

«እኔ የትም አልሄድም» አሉ። «አይዞሽ፣ የትም አልሄድም።»

ሙቀቱ ወደ ቆዳዋ ሲገባ ያ የአልኮል ስለት ከጨርቁ ሥር ተነሣ፤ ክፍሉን ሞላው። እማማ አደሴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የልጃቸውን ስም እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። እታገኝ ክንዷን አልሳበችም።