የክፍል አሥራ ሁለት አንሶላ

አንሶላው ንጹሕ ነበር። አጣቢዋ ወደ ብርሃን አወጣችው፤ ገለባበጠችው፤ አሸተተችው። ራሷ በካውያ የተኮሰችው እጥፋት እንኳ አልተፈታም። ጥጉ ላይ በቀይ ክር የሰፋችው ቁጥር አሥራ ሁለት ይላል። የክፍሉ እንግዳ ብቻውን ነው የሚያድረው፤ ሁለተኛውን አልጋ አልነካውም። ሆኖም ይኸው አምስተኛ ቀኑ፣ ሁለቱም አልጋ በየጠዋቱ ይገፈፋል።

«ምን ታሸችዋለሽ? በርሜሉ ፈላ እኮ» አለቻት የወንድሟ ሚስት፣ እንጨቱን ወደ ውስጥ እየገፋች።

«ያልቆሸሸ ልቀቅል? አስጠላኝ።»

«ያስጠላሽ። ብቻ ሂጂና እንጨት አናነድም የሚለው ወረቀት ላይ ፈርሚ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ያለውን ሰምተሻል፤ ካልፈረምሽ አንሶላው ከነገ ጀምሮ ሌላ ቤት ነው የሚሄደው።»

«ብፈርምስ በምን ልቀቅለው? በትንፋሼ?»

ሁለቱም ወደ አጥሩ ጥግ አዩ። ምድርን እናድን ብለው ሆቴሉ ውስጥ የተሰበሰቡት ሰዎች የላኩላቸው ጭስ አልባ ምድጃ እዚያ ተቀምጧል፤ የሚያብረቀርቅ፣ ቆንጆ፣ ለአንድ ድስት የተሠራ። ትናንት በርሜሉን ቢያስቀምጡበት እግሮቹ ተንሻፈው ውኃው ግቢውን ሞላው። በምን እንደሚቀቅሉ መጥቶ የጠየቃቸው አልነበረም።

ጭስ መጥፎ መሆኑን ለእሷ የሚነግራት አያስፈልግም። ሃያ ዓመት የሆቴሉን አንሶላ በእንጨት ስትቀቅል ጭሱን በሳንባዋ ተሸክማዋለች። የጉድጓዱ ውኃ ከዓመት ዓመት እየራቀባት ገመዱን ሦስት ጊዜ ቀጥላለች። ያለወቅቱ የመጣው ጎርፍ የወንድሟን ግድግዳ ይዞት ሄዷል። እሳቱን ማጥፋት አልጠላችም። የጠላችው ሌላ ነው።

አንሶላውን አጣጥፋ በዘንቢሏ ከታ ወጣች።

ሆቴሉ በር ላይ መኪኖቹ ተደርድረው ሞተራቸው ይንጎራጎራል፤ ሾፌሮቹ መኪናው በሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። አዳራሹ ደግሞ ይባስ። ውጭ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ፀሐይ አለ፣ ውስጥ ሰው ካፖርት ለብሷል። አንዴ ተጎንጭተው የተዋቸው የውኃ ጠርሙሶች፣ ግማሹ ተበልቶ ሲጋራ የተተረኮሰበት ኬክ። ምራቋ አፏን ሞላው፤ የምትተፋበት አጥታ ዋጠችው።

ሰብሳቢው ብድግ ብሎ ተቀበላት። ፊቱ ለስላሳ፣ ድምፁም ለስላሳ። ከወረቀቱ አጠገብ የክፍሉ ቁልፍ ተቀምጧል፤ የናስ መለያው ላይ አሥራ ሁለት።

«እናታችን፣ የሰፈሩን አጣቢዎች ወክለው እዚህ ላይ ይፈርሙልን። መጻፍ ካስቸገረዎት ጣትዎም ይበቃል።»

«ስሜን መጻፍ አያቅተኝም። መጀመሪያ ያንብቡልኝ።»

አነበበላት። ከሰኞ ጀምሮ በሰፈሩ የእንጨት እሳት አይነድም። ምድርን ለማዳን ሁሉም የድርሻውን ይወጣል።

«የእኔን ድርሻ ሰማሁ። የእናንተስ የት ጋ ነው?»

«የእኛ ከበድ ስለሚል በደረጃ ነው። ሠላሳ ዓመት ተይዞለታል።»

«ለእኔ እስከ ሰኞ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው።

አጣቢዋ አንሶላውን ከዘንቢሏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ቀዩን ቁጥር ወደ ላይ አድርጋ።

«የእርስዎ ነው፣ ጌታው። ሰው ያልተኛበት አንሶላ። አምስት ቀን እንጨት ፈጀሁበት።»

ሰብሳቢው ቁልፉን በመዳፉ ሸፈነው።

ብዕሩን አነሳች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተጫነች ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ ለበርሜል የሚሆን ምድጃ በመጣ ቀን እኔ አጠፋለሁ፤ እነሱም በዚያው ቀን የውጭውን መኪና ያጠፋሉ። ስሟን ጻፈች። ከስሟ አጠገብ አንድ ስም የሚይዝ ቦታ ትታ ብዕሩን ወደ እሱ ገፋችው።

«አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

ብዕሩን አየው፤ አላነሳውም። የመኪኖቹ ማጉረምረም በመስኮቱ ገባ። አጣቢዋ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ሲዘልቅ አንሶላውን ከጠረጴዛው ሰብስባ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ጭስ ጭስ ይላል። የራሷ ጭስ ነው።

ጠበቀች።