የኤርሲሊያ ቦሎቄ

ቤራርዶ ቆርቆሮውን ከመኝታ ቤት አውጥቶ ጓዳ ያስገባው ገና በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። በቃ አልቻለም። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነበር፤ ቀይ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ክዳኑ የተጣመመ፣ በሚስቱ በኤርሲሊያ ራስጌ በኩል ኮመዲኖው ላይ ቁጭ ያለ። ኤርሲሊያ ዘሯን እዚያ ነው የምታስቀምጠው። ድሮ በሸክላ ማሰሮ ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጡ ማሰሮውን ሲሰብርባት ወደ ቆርቆሮው አዛወረችው። "ጓዳ ለምን አታደርጊውም?" ሲላት፣ "አይጥ አንተን ይንቅሃል፣ እኔን ግን ይፈራኛል" ትለዋለች።

ዘሩ ደግሞ ዝም ብሎ ቦሎቄ እንዳይመስላችሁ። ነጭ ሆኖ ሆዱ ላይ ቀይ ጠብታ ያለበት ነው። ገደሉ ላይ ያለውን ላይኛውን መንደር ሰው ሁሉ ጥሎት ሲወርድ፣ የኤርሲሊያ እናት በሽርጧ ቋጥራ ያወረደችው እሱን ነው። ሌላ ቦታ የለም። ታች ከተማው ወርደህ ቴራሞ ገበያ ቀኑን ሙሉ ብትዞር አታገኘውም። ኤርሲሊያ በየዓመቱ ውርጩ ሲያልፍ ከግንቡ ሥር ባለችው እርከን ላይ ትዘራዋለች፣ ሲደርስ ይበሉታል፣ ሁለት እፍኝ ለዘር ታስተርፋለች። በቃ ይኸው ነው።

በረዶው መንገድ ዘግቶ፣ ሐኪም እንኳ መውጣት ባልቻለበት ሰሞን፣ የባሏን እጅ ይዛ የተናዘዘችው ስለ ነፍሷ አልነበረም። "ቦሎቄዬን እንዳታጠፋብኝ" ነው ያለችው።

"እሺ" አላት። ሲነጋ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ቤራርዶ ከቤት አይወጣም፣ ሰው አያናግርም፣ እህል ቢሉት ሁለት ጉርሻ። ከመንቀጥቀጡ በፊት ቦሎኛ ከተማ ገብታ የቀረችው ልጁ ሎሬታ ይሄን ሰምታ መጣች። የመጣችው ደግሞ ለቪርቱ ነው። ሜይ አንድ ቀን በየቤቱ የሚሠራው ሾርባ ነው ቪርቱ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከብርዱ የተረፈ ጥራጥሬ፣ ምስሩም ሽምብራውም አተሩም፣ ጓዳ ውስጥ አንድ ፍሬ ሳይቀር ድስት ይገባል፤ አዲስ የበቀለ ቅጠል ይጨመርበታል፤ ከዚያ ለጎረቤት ይታደላል። ጓዳው ውስጥ ፍሬ የቀረበት ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲጎድልበት ይኖራል ይባላል።

"አባዬ፣ እንስላል የለም" አለችው ጠዋት። "ያለ እንስላል ምኑን ቪርቱ ሆነ? ተነስ፣ ሂድ አምጣ።"

ከቤት ልታስወጣው እንደሆነ ገብቶታል። ግን ወጣ። የመንደሩን መግቢያ ቅስት አልፎ፣ የድንጋይ ደረጃውን ወርዶ፣ ከዚያ ገደል ገደሉን ወደ ላይኛው መንደር። ጣሪያ የለው፣ ሰው የለው፤ የዱር እንስላሉ ግን በአማቱ ደጃፍ ላይ ጉልበት ድረስ በቅሏል። ቤራርዶ ቆረጠ፣ ተቀመጠ፣ ላቡን ጠረገ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ቀለል አለው። "ትንሽ ውርጩ ይለፍ እንጂ" አለ ለግድግዳው፣ "እዘራልሻለሁ።"

ሲመለስ የቀትሩ ደወል እየተደወለ ነበር። ጎረቤታቸው ኑንዚያታ፣ መንደሩ ሁሉ "አክስቴ" የሚላት ሴትዮ፣ ሎሬታ ለቅምሻ የላከችላትን ሳህን ይዛ ደጇ ላይ ቆማለች።

"ቤራርዶ! ፍየል ሆነህ እዚያው የቀረህ መስሎኝ!"

"ፍየልማ ብሆን መጀመሪያ ያንቺን ሰላጣ ነበር የምጨርሰው።"

"ኧረ ተናገረ! ያቺ ልጅህ እናቷን በለጠቻት እኮ፣ ኤርሲሊያ እንዳትሰማኝ። ደግሞ ቦሎቄዋ! አፌ ላይ ቅልጥ ነው ያለችው። በአፌ ነው ያወቅኳት። እኔ እኮ ጨርሳችሁ የበላችኋት መስሎኝ ነበር።"

ጨርሰዋል። የሚበላው ካለቀ ቆይቷል።

ቤራርዶ ወደ ቤቱ አመራ። ደረጃውን ወጣ። በሩን ሲከፍት ቀዩ ቆርቆሮ ታጥቦ፣ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ ተደፍቷል።

"አባዬ፣ መጣህ! እንስላሉን አምጣው፣ ቶሎ። ጓዳውን ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት፣ አንዲት ፍሬ የለችም። ቆርቆሮ ውስጥ የእማዬን ቦሎቄ ሳገኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማታ አንተ ስትተኛ ዘፈዘፍኳት።" ሎሬታ እጇ ከእንፋሎቱ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። "ዘሩን ደግሞ አልነካሁም፣ አትፍራ። እማዬ ራስጌ ያለውን ማሰሮ። አብጃለሁ እንዴ?" ከዚያ ድምጿ ወረደ። "እንዲያውም ክፍሉን አልከፈትኩትም። አልቻልኩም፣ አባዬ።"

ቤራርዶ አፉን ከፈተ። ልጁ ጭልፋውን እንደያዘች ፊቱን ታየዋለች፤ ትንሽ ልጅ ሆና ሥራዋን ልታሳየው ስትመጣ ታየው እንደነበረው።

"ጥሩ አደረግሽ" አላት።

ተቀመጠ። እንስላሉን ከትፋ ጨመረችበትና ቀዳችለት። ማንኪያው ላይ አንዲት ቦሎቄ ወጣች፤ ቀይዋ ጠብታ በፈላ ውሃ ለቃ፣ ቆዳዋ ተሰንጥቆ። አፉ ውስጥ አስገባትና ሳያኝካት ቆየ።

"እ? እንዴት ነው?"

"የእናትሽ ነው።"

ሎሬታ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለመዝሪያው እመጣለሁ። አብረን እንዘራላታለን፣ እሺ?"

"ዘንድሮ መሬቱ ይረፍ።"

"እማዬ እኮ አሳርፋው አታውቅም።"

"ለዚያ ነው የደከመው።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ለከርሞ ይሁና።"

"ለከርሞ" አለ ቤራርዶ። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ። "ጨምሪልኝ።"

እሷ ደግሞ በደስታ የምትሆነውን አጣች። እስከ አፉ ሞላችለትና ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ ቆርቆሮውን በክርኗ ገፋ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

"አክስቴ! ደገመ እኮ! አባዬ ደገመ!"

"ተመስገን!" አለች ኑንዚያታ ከማዶ። "ኤርሲሊያ ናት ያበላችው!"

ቤራርዶ ጎንበስ ብሎ፣ ቦሎቄዎቹን ከምስሩ እየለየ፣ አንድ በአንድ በላቸው።