አሥራ ስምንት ፓውንድ ከሮድኒ ቀብር

ዴዝመንድ ከአውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ገንዘቡን ማመላለስ ሆነ። ሦስት ባንክ ውስጥ ወለድ የሚከፍል ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ከፍቷል፤ ሦስቱም «በየወሩ አንድ ሺህ ፓውንድ ካላስገባህ ወለድ የለም» ይላሉ። ታዲያ ያችኑ አንድ ሺህ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራታል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሦስቱንም አዳርሳ ትመለሳለች። ባንኮቹ ሰውየው ሦስት ደመወዝ ያለው ይመስላቸዋል።

«ኧረ ገንዘቧን እንኳ አሳርፋት!» ትላለች ሚስቱ ፖሊን።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ካርድ አወጣ። በመጀመሪያው ሦስት ወር በካርዱ ከገዛበት ላይ ከመቶ አምስት ይመለስለታል፤ ሁለት ሺህ ቢያጠፋ መቶ ፓውንድ መሆኑ ነው። ግን ሁለት ሺህ ማን ያጠፋል? ዴዝመንድ እኮ ዳቦ እንኳ ዋጋው እስኪቀንስ ሱቁ ሊዘጋ ሲል የሚገዛ ሰው ነው! ስለዚህ የሰው ወጪ በካርዱ እየከፈለ ጥሬ ገንዘቡን ይቀበል ጀመር። የጎረቤት ምንጣፍ፣ የመዘምራኑ የመኪና ኪራይ፣ የቄሱ ጎማ ሳይቀር በእሱ ካርድ ተከፈለ። ያም ሆኖ በመጨረሻው ቀን ሦስት መቶ ስልሳ ፓውንድ ጎደለው። አሥራ ስምንት ፓውንድ ሊያመልጠው ነው።

በዚያው ቀን የእህቱ የጃኒስ ባል ሮድኒ ተቀበረ።

ጃኒስና ዴዝመንድ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የእናታቸውን የመቃብር ድንጋይ እኩል ሊከፍሉ ተስማምተው፣ እሷ አርባ ሦስት ፔንስ፣ ግማሽ ፓውንድ እንኳ የማይሞላ፣ አጉድላ ብትልክ፣ ሰውየው «ቀሪው ይላክልኝ» ብሎ ደብዳቤ ጻፈላት። ቴምብሩ ራሱ ከጎደለው ይበልጥ ነበር፣ ጉድ እኮ ነው! ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠችም። ዴዝመንድ ከእሷ ሌላ እህትም ወንድምም የለውም። ናፍቃዋለች። ይቅርታ ማለት ግን ከአፉ አልወጣ አለው።

ከቀብር መልስ እዚያው በርንሊ ከተማ፣ ሮድኒ ያዘወትረው በነበረው መጠጥ ቤት ሳንድዊችና ቢራ ቀረበ። ጃኒስን እጅ ስላጠራት፣ ሠላሳ አንዱ ዘመድና ወዳጅ ሊያዋጣ ተስማምቷል።

«እኔ በካርዴ ልክፈልና ሰው ለእኔ ይስጠኝ» ብሎ ዴዝመንድ ለፖሊን አንሾካሾከላት።

«በቀብር ላይ? ምነው ዴዝ፣ ፊትህን በጨው ታጥበህ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«አፍ አውጥቼ አልጠይቅም። ወረቀት ነው የማዞረው።» ከኪሱ አወጣ። የሁሉም ስም ተጽፏል፤ በነፍስ ወከፍ አሥራ ሁለት ፓውንድ።

ሄደና ካርዱን መክፈያ ማሽኑ ላይ አስነካ። ሦስት መቶ ሰባ ሁለት! አሥራ ስምንቷ ገባች፤ ፊቱ በራ። ብሬንዳ የምትባለው የአክስቱ ልጅ ግን አይታው ኖሮ ጮኸች፦ «ዴዝመንድ የሁላችንንም ከፈለ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጃኒስ ሰው እየገፋች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቋጣሪ እያልኩ ሳማህ! አፌን በቆረጠው!»

ዴዝመንድ ሊያስተካክል አፉን ሲከፍት ፖሊን እግሩን በታኮዋ ረገጠችው።

«የያዝከው ወረቀት ምንድነው?» አለች ጃኒስ።

«ይኼ... ስለ ሮድኒ ጥቂት ቃል ነው።»

«ታዲያ አንብብልን እንጂ!»

ቆመ። ወረቀቱ «ኔቪል፣ አሥራ ሁለት። ብሬንዳ፣ አሥራ ሁለት» ይላል።

«ሮድኒ... በየእሁዱ ይደውልልኝ ነበር» አለ፤ ይህን እናገራለሁ ብሎ አላሰበም ነበር። «ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤት ተደብቆ። ‹ጃኒስን ጉልበቷን አሟታል። ጃኒስ ፀጉሯን ቀይ ተቀብታ አላማረባትም› ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። አሁን ስለ እህቴ ማን ይነግረኛል?» ማልቀሱን ያየው ሁሉ ደነገጠ።

«ቲማቲም ላጠጣ ነው ይለኝ ነበር» አለች ጃኒስ እያነባች። «በበረዶ ሳይቀር! አምጣው ወረቀቱን፣ ከሮድኒ ፎቶ ጋር አስቀምጠዋለሁ።»

ሳይደብቀው ነጠቀችው። አነበበች። ፖሊን ዓይኗን ጨፈነች። ጃኒስ ጣቷን እስከ መጨረሻው መስመር አወረደች፤ «ጃኒስ፣ አትከፍልም» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«እኔን ዘለኸኛል» አለች።

«አንቺማ... አንቺ እህቴ ነሽ።»

ሁሉም በጥፊ ልታጮለው ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ሳቋን ለቀቀችው። አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ኔቪል! አሥራ ሁለት ፓውንድ! ቢራ ስትደግም አይቼሃለሁ፣ አሥራ አምስት አድርገው! ብሬንዳ፣ ወዴት ነው? ቦርሳሽ እዚህ ነው ያለው!»

«ከአንድ ማህፀን አይደል የወጡት» አለች ፖሊን።

ጃኒስ ጥቁር ባርኔጣዋን አውልቃ እየዞረች ሰበሰበች። ሞልታ ስትመለስ ወንድሟ ጎን ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እሁድ በስንት ሰዓት ነበር የሚደውልልህ?»

«ከምሳ በኋላ።»

«እንግዲያው እሁድ ከምሳ በኋላ እጠብቃለሁ። እኔ ግን አልደውልም፤ ስልክ ገንዘብ ይፈጃል። አንተ ደውል።»

«እደውላለሁ» አለና እጇን ያዘ፤ ባርኔጣው ውስጥ ያለውን ሳይቆጥር።