ግልድም ከተሰቀለ በኋላ

አጎቴ ሚራጅ ድሮ ከተማችንን ጉጅራንዋላን ያንቀጠቀጡ የትግል ስፖርተኛ ናቸው። አሁን ስኳር አለባቸው። በረሃብ አባርረዋለሁ ብለው ሁለት ዓመት ግማሽ ቂጣ በሻይ እየበሉ ከረሙ። ሰፈሩ «ማሻላህ፣ እንዴት ሸንቀጥ አሉ» ይላል፤ እሳቸው ይኮራሉ። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብተው ለመነሳት ግድግዳ ሲቧጥጡ እሰማለሁ።

ሐሙስ ለት ባጃጄ ላይ ጭኜ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ዶክተሯ ባታቸውን በሜትር ለካች። ከዛ «ምንም ሳይደገፉ ከወንበሩ አምስቴ ይነሱ» አለቻቸው። ሁለቴ ተነሱ። ሶስተኛው ላይ ትከሻዬን ጨመደዱት።

«ስኳሩስ ወርዷል» አለች። «ግን ያለቀው ቦርጭዎ ሳይሆን ጡንቻዎ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ጡንቻው ሲያልቅ ቶሎ የመሞት እድሉ ይጨምራል። እንቁላል፣ ምስር፣ እርጎ ይብሉ። ቁጢጥ ብድግ ይስሩ።»

«እሱን አልሰራም። ግልድሜን ሰቅያለሁ» አሉ አጎቴ።

ዶክተሯ አልገባትም። እኛ ጋ ቁጢጥ ብድግ ታጋይ ግልድም ታጥቆ የሚሰራው ልምምድ ነው፤ በአስተማሪው ፊት ግልድሙን ከሰቀለ ደግሞ ትግል በቃው ማለት ነው። መልሶ ካወረደው መሳቂያ ይሆናል። አጎቴ ደሞ አርባ ሰው ፊት ነው የማሉት።

ቤት ስንገባ አክስቴ ረሺዳ ምስር እያማሰለች ነበር። ነገርኳት።

«ለመሃላው ብለህ እኔን መበለት ልታደርገኝ?» አለቻቸው።

«ቃል ቃል ነው» አሉ።

«ቻቻ፣ ቆይ ምን ብለው ነው የማሉት?» አልኳቸው። አጎቴን ቻቻ ነው የምላቸው።

«ግልድም ዳግመኛ አልታጠቅም ብዬ።»

«በሱሪ ይስሩዋ።»

አክስቴ ማማሰሏን አቆመች። አጎቴ ጢማቸውን እያኘኩ ብዙ አሰቡ።

«ስለ ሱሪ ያልኩት የለም» አሉ በመጨረሻ።

የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ጀመሩ። አራት ሰሩ። አምስተኛው ላይ ዘጭ አሉ፤ እኔ በሳቅ ሞትኩ።

«ሳቅ፣ ግን እየቆጠርክ» አሉኝ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ላቲፍ በአጥር አንገቱን አስግጎ «ሚራጅ፣ ግልድሙ ወረደ እንዴ?» አለ።

«አይንህን ጥረግ፣ ሱሪ ነው» አሉት፣ ሳያቆሙ።

ሁለት ወር ሆነ። ዛሬ ጠዋት አልጋውን ሳይነኩ አስራ አንድ ሰሩ። እግራቸው እንደ ባጃጄ ሞተር ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ቆማለች።

«ቻቻ፣ ለዛሬ ይብቃዎት» አልኩ፤ የምሬን ነው፣ ፈርቼ።

«ማን ጠየቀህ?» አሉና ወደ አስራ ሁለተኛው ወረዱ።