ምስማሩ ላይ የቀረችው ወረቀት

ልብስ ማጠቢያ ቤታችን ደንበኛ ልብስ ሲያመጣ ተቀባይዋ የሚፈለገውን በብጣሽ ወረቀት ትጽፍና ልብሱ ላይ በስፒል ትሰካዋለች። አጣቢዋ እኔ ነኝ። ያኔ ማንበብ ስለማልችል እሷ እያነበበችልኝ እሠራ ነበር። ልብሱ ሲያልቅ ወረቀቱን ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ባለው ረጅም ምስማር ላይ እወጋዋለሁ። ምስማሩ ሲሞላ ወረቀቶቹን በክር አስሬ ካርቶን ውስጥ አኖራለሁ፤ "ልብሴን አበላሻችሁ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ማስረጃ ናቸውና አይጣሉም።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ከቤት ወጣች። የነርስነት ትምህርቷን ካቋረጠች ወር እንዳለፋት የሰማሁት ከጎረቤት ነበር። እጄ በበረኪና የተላጠው እሷ እንድትማርልኝ ነበርና ደሜ ፈላ። "እማዬ፣ አንዴ ስሚኝ" አለች። አልሰማኋትም።

"መማር ካልፈለግሽ ከቤቴ ውጪ!" አልኳት።

ስንቱን አዝዣት ስንቱን እንቢ ብላኛለች! ይቺን ግን ፈጸመችልኝ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ልብሷም እሷም የሉም። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ለእህቴ ብቻ ነው፤ "ቁጥሬን እንዳትሰጫት" ብላታለች። አንዲት ቃል ሳትተነፍስልኝ ሄደች እያልኩ ሦስት ዓመት ተብሰለሰልኩ።

የጎልማሶች ትምህርት የገባሁትም በገዛ እጄ ደብዳቤ ልጽፍላት ብዬ ነው። አምና የራሳችንን ፊደል ጨረስን፤ ዘንድሮ እንግሊዝኛ ጀመርን።

ባለፈው ወር መምህሩ ሰሌዳው ላይ "ኮማንድ" የሚል ቃል ጻፈ። "ማዘዝ ማለት ነው" አለና ዘመዶቹን ደረደረልን። "ኮማንድ ሥልጣን ያለው የሚናገረው ነው፤ እንደ ጦር አዛዥ። ኦርደርም ያዛል፤ ግን ምግብ ቤት ገብታችሁ ሻይ ስታዙም ያገለግላል። ኢንስትራክት አሠራሩን እያሳዩ ማዘዝ ነው። ቴል ቀለል ይላል፤ እንዲህ አድርግ ብሎ መንገር። አስክ ግን መጠየቅ ነው። የተጠየቀው ሰው እንቢ ማለት ይችላል።"

"መምህር" አለ ከኋላ የሚቀመጠው ዘበኛ፣ "ሚስቴ የምትጠቀመው የትኛውን ነው?"

"አንተን ከአልጋ ለማስነሳትማ አምስቱም አይበቁ!" አለችው አትክልት ሻጯ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ልጄን ስንት ጊዜ ጠይቄያት እንደማውቅ በልቤ ስቆጥር አንድም አጣሁ።

የቤት ሥራው ከየሥራ ቦታችን የተጻፉ ትእዛዞችን አምጥተን ለየትኛው ቃል እንደሚስማሙ መለየት ነበር። ትእዛዝማ ሞልቶኝ! በማግስቱ ካርቶኑን አወረድኩና ከታች ጀመርኩ። "እንዳይቀቀል!" ይሄ ኮማንድ ነው። "ሹራቡን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስጪው።" ይሄ ኢንስትራክት። "እባክሽ የላላውን ቁልፍ ጠበቅ አድርጊልኝ።" ይሄ ደግሞ አስክ። ማንበቤ ራሱ እያስደሰተኝ ስገልጥ፣ ጽሑፏ የተቀባይዋ ያልሆነ አንዲት ወረቀት መጣች።

"እማዬ፣ ተቀባይዋ ታንብብልሽ። አስር ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነኝ። መጥተሽ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ።"

ወረቀቷን እንደያዝኩ ካርቶኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆንሽ እቴ?" አለች ተቀባይዋ። ወረቀቷን ሰጠኋት። አንብባ አፏን በእጇ ያዘች። "ይሄ መቼ ነው? እኔ አላየሁትም እኮ!"

"ልጄ የሄደች ቀን፤ አንቺ ጥርስሽን ልትነቀይ ከሥራ ቀርተሽ ነበር" አልኳት።

ሁሉም ትዝ አለኝ። ያን ቀን ምሳ በልቼ ስመለስ፣ ከበሩ ጀርባ የሰቀልኩት የሥራ ሽርጤ ላይ ወረቀቷ ተሰክታ ነበር። የሽርጥ ትእዛዝ ምን ይሆናል? ካለቀ ልብስ የተረፈች መስላኝ ነቅዬ ምስማሩ ላይ ወጋኋት። አስር ሰዓት ላይ የሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ ነበር። መናኸሪያው ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ የአውቶቡሱ ጡሩምባ እኛ ድረስ ይሰማል። ያን ቀንም ሰምቼዋለሁ።

ማምሻውን እህቴ ለልጄ ደውላ ወረቀቷን ገና ዛሬ ማንበቤን ነገረቻት። ስልኩን ስትዘጋ ዓይኔን ማየት አቃታት።

"ምን አለች?"

"'የአስር ሰዓቱን አውቶቡስ አሳልፌ እስከ አስራ አንድ ጠበቅኳት' አለችኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ምንም አላለች፣ እህቴ። ዘጋችው።"

የቤት ሥራዬን ለመምህሩ ሳስረክብ ወረቀቶቹን አገላበጠና "ለአስክ አንድ ብቻ ነው ያመጡት፣ እናቴ?" አለኝ።

"ሌላም አለኝ ልጄ" አልኩት። "እሱ ግን መልስ አልተሰጠውም።"

ልጄ ስትሄድ የረሳችው ግራጫ ሹራብ ነበር። ሽታዋ እንዳይጠፋ ብዬ ሦስት ዓመት ውሃ አላስነካሁትም። በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ቆረጥኩ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። በአራተኛው "ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነይ አልልሽም። ነይ ካልሽኝ ግን እኔ እመጣለሁ" ብዬ ደረቱ ላይ በስፒል ሰካሁት። ሹራቡን እህቴ ላከችልኝ።

ከተላከ ሃያ ቀን ሆነው፤ "ነይ" የሚል ገና አልመጣልኝም። አስር ሰዓት ሲቃረብ ካውያውን ከሶኬቱ ነቅዬ አዳምጣለሁ። ጡሩምባው ይነፋል፣ አውቶቡሱ ይሄዳል። ከዚያ መልሼ እሰካዋለሁ፤ አንሶላው ገና አላለቀም።