አየር የገባበት ፍሬን

ሙክታር ቁጡ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ገርጂ ጋራዥ ከከፈትኩ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ያልተቆጣሁት ደንበኛ ቢኖር ጎማ ለማስነፋት ብቻ የመጣ ነው። "ትንሽ ድምፅ አላት እንጂ ደህና ናት" የሚል ሰው ደሜን ያፈላዋል። የሌላ ሜካኒክ ምክር ይዞ የሚመጣማ ባይመጣ ይሻለዋል። ጋሽ ሰቦቃን ግን ተቆጥቻቸው አላውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ።

ጋሽ ሰቦቃ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሳይተከልበት በፊት ጤፍ ሲዘሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አረንጓዴ ቮልሳቸውን የገዟት ያኔ ነው፤ በሬና ቮልስ አንድ ግቢ ያሳደርኩ እኔ ብቻ ነኝ እያሉ ይቀልዳሉ። ፍሬኗ የድሮው ዓይነት ነው፤ በአራቱም ጎማ ታምቡር። የፍሬኑ ሸራ ከበሮ በመሰለው ብረት ውስጥ ተደብቆ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ነው የሚያቆማት። ውሃ ከገባበት መያዙን ይረሳል። ጋሽ ሰቦቃ ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ነው የሚመቱት።

ባለፈው ክረምት ሦስቱም አልሠሩም። ከባለቤታቸው ከእትዬ ደሪቱ ጋር ከሾላ ገበያ ሲመለሱ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ገብተው ወጡ፤ ወዲያው ከፊታቸው ያለው ሚኒባስ ቆመ። መሪውን ጠመዘዙ፤ ቮልሷ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። እትዬ ደሪቱ ወረዱ፣ ዘንቢላቸውን አነሱ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ታክሲ ተሳፍረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ቮልሷ ውስጥ ገብተው አያውቁም።

ቤት ውስጥ ሰላም ናቸው፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይስቃሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ግን እትዬ በሚኒባስ፣ ጋሽ ሰቦቃ ከኋላ ከኋላ በቮልስ። ወያላዎቹ ሳይቀሩ አውቀዋቸው "እማማ፣ አጃቢዎ መጡ" ይሏቸዋል።

ሚያዝያ ላይ ጋሽ ሰቦቃ እኔ ዘንድ መጡ። አደጋውን ሲነግሩኝ የፊቱ ፓራውልት ሁለት ጣት ያህል እንደገባ፣ ቀለሙ የቱ ጋ እንደተላጠ፣ አንዱን ፓውዛ አሸዋ እንደሞላው፣ ምንም አላስቀሩ። የእትዬ ደሪቱ ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

"ሙክታር፣ አርባ አንድ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። ባዶ ወንበር ይዤ መንዳት ደከመኝ። የምትቆም መኪና አድርግልኝ" አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። የፊቶቹን ሁለት ጎማዎች ወደ ዲስክ ልቀይርላቸው ተስማማን። ዲስክ ቀላል ነገር ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ሰሃን የመሰለ ብረት፣ ግራና ቀኙን ነክሶ የሚይዝ ካሊፐር። ብረቱ ገላጣ ስለሆነ ውሃ ቢነካውም ቶሎ ይደርቃል። ለዚህች ሞዴል የሚገጥመውን ፍለጋ ሦስት ሳምንት ሶማሌ ተራ ተመላለስኩ። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን የፍሬን ማስተርም ቀየርኩት፤ የታምቡሩን ብተወው ዲስኩን አንዴ ከነከሰ አልለቅም ይላልና። ጋሽ ሰቦቃ ለእትዬ ደሪቱ እንዳልናገር አስማሉኝ። ድንገት ሊያስደስቷቸው ፈልገው ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የቀረው ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ማስወጣት ብቻ ነበር። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈትቶ አየሩን ያስወጣና መልሶ ያጠብቃል። ቡሎኗ ተፈትታ ሳለ እግር ከተነሳ መስመሩ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል። አብሮኝ የሚሠራው ኤርሳዶ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ረጋጩ ጋሽ ሰቦቃ ራሳቸው ሆኑ።

ልንጀምር ስንል ልጃቸው ፌናን ደወለች። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ስልክ ላይ ይጮኻሉ። የት እንደሆኑ ጠይቃቸው መሰለኝ፣ "ገርጂ ነኝ። ዲስክ ነው። አሮጌው ወጥቶ አዲስ እየገባ ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪ" ብለው ዘጉት። ስልኩን ኮታቸው ኪስ ከተቱ፣ ኮቱን ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቀሉና መሪው ኋላ ተቀመጡ።

እኔ ሜካኒክ ነኝ፤ ዲስክ ሲባል የሚታየኝ ብረት ነው። በሰፈራችን ግን ዲስክ ማለት ወገብ ነው። ዲስክ ያለበት ሰው ጎንበስ አይልም፣ ፍራሹን መሬት ያነጥፋል፣ የባሰበት ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ይህ ያኔ በሐሳቤ ውል አላለም።

ሦስቱን ጎማ ጨርሰን የመጨረሻው፣ የግራው የፊት ጎማ ላይ ደረስን። "ይርገጡ፤ ይያዙ፤ እግርዎን እንዳያነሱ" አልኩና ቡሎኗን ፈታሁ። ይሄኔ እትዬ ደሪቱ በጋራዡ በር ገቡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ፌናን የአባቷን አደራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልያዘችም። እትዬ ለባላቸው ስልክ ቢደውሉ አይነሳም። ገርጂ መጥተው ሁለት ክሊኒክ ገብተዋል፤ ዛሬ ወገቡን የተቀደደ ሰቦቃ የሚባል ሰው አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ከሁለተኛው ሲወጡ ነው ቮልሷን ያዩዋት። ቮልሷ አራቱም ጎማዎቿ ወልቀው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በብረት መቆሚያ ላይ ናት። የባላቸው ኮት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰውዬው አይታዩም።

"ሰቦቃ" ብለው ተጣሩ። ጮክ ብለው አልነበረም፤ ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሁለቴ ካልጮህኩ የማይሰሙኝ ጋሽ ሰቦቃ ይህን ሰሙ። እግራቸውን አነሱ። በሩን በርግደው ሲወርዱ የፍሬን ዘይቱን ጠርሙስ በእግራቸው ደፉት፣ እኔንም ሊረግጡኝ ምንም አልቀራቸው። "እግርዎን አልኩ እኮ" ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም።

እትዬ ደሪቱ የባላቸውን ወገብ በሁለት እጃቸው ይዳብሱ ጀመር። የተቀደደው የቱ ጋ ነው፣ ለምን ቆምክ፣ ማን ተነስ አለህ ይላሉ። ጋሽ ሰቦቃ ግራ ተጋብተው እኔን ያዩኛል። ነገሩ ሲገባኝ ንዴቴ ላይ ሳቄ መጣ፤ ዲስኩ የመኪናዋ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ በጣቴ አሳየኋቸው። እትዬ አዲሱን ብረት አዩ፣ የተደፋውን ዘይት አዩ፣ ባላቸውን አዩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን ጋራዡን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር።

ጋሽ ሰቦቃ ማስረዳት ጀመሩ። ፍሬኗ ከእንግዲህ ዝናብ እንደማይፈራ፣ ቮልሷ ፔዳሉ አንዴ ብቻ ተረግጦ እንደምትቆም ሲናገሩ እትዬ አቋረጧቸው።

"ፍሬኑ መቼ አስቀየመኝ?" አሉ። "ያን ቀን አሸዋው ውስጥ ስንገባ ዘንቢሌን አቅፌ እንቀጠቀጣለሁ። አንተ ወርደህ መጀመሪያ ያየኸው ፓራውልቱን ነው። ቀለሙን በጣትህ ጠርገህ ጠርገህ ስትጨርስ ነው ወደ እኔ የዞርከው።"

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ማለት ይህ ነው። ሦስት ሳምንት ሶማሌ ተራ የተንከራተትኩት ለካ የሌላ በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ኖሯል።

"እውነትሽን ነው" አሉ ጋሽ ሰቦቃ።

"ዛሬ ግን መኪናዋን ጥለሃት መጣህ" አሉ እትዬ ደሪቱ።

ሥራ ግን ሥራ ነው። ጥለዋት የመጡት አየር አስገብተውባት መሆኑን ነገርኳቸው። እኔ ፍሬን ላይ ጥርጣሬ አልወድም፤ አራቱንም ጎማ ከመጀመሪያው ልንደግም ነው፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል አልኩ። እትዬ ደሪቱ ቤት ቢሄዱ ይሻላል፤ ሲያልቅ ጋሽ ሰቦቃ መጥተው ይወስዱዎታል አልኳቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አራግፈው ለበሱ፣ በቀኝ በኩል ዞሩ፣ በሩን ከፍተው ገቡና ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጡ።

"እትዬ፣ ጎማ እኮ የላትም። ፍሬኗም አልያዘም" አልኳቸው።

"አይቻለሁ" አሉና በሩን ዘጉት።

ጋሽ ሰቦቃም ገብተው ቦታቸውን ያዙ። እኔ አዲስ ዘይት ሞልቼ፣ የኋላ ቀኙ ጎማ የወለቀበት ጋ ተንበርክኬ፣ መፍቻዬን ቡሎኗ ላይ አደረግኩ። "ይርገጡ" አልኩ። ከውስጥ ወሬያቸው ይሰማኛል፤ እትዬ አንድ ነገር አሉ፣ ጋሽ ሰቦቃ ሳቁ። "ይርገጡ" አልኩ እንደገና። አልሰሙኝም።

ሦስተኛ አልጠራሁም። መፍቻውን መሬት አስቀምጬ ጠበቅኳቸው።